ቁርጭምጭሚት ላይ የታሰረው ስልክ

ነርሷ ጫማውን እንዲያወልቅ ስትነግረው አባዬ የግራውን ብቻ አወለቀ።

«ሁለቱንም፣ አባት» አለችው።

«ቀኙ ደህና ነው።»

«ደህናውንም እናየዋለን።»

እኔ በዚህ ጊዜ የዶክተሯ ጠረጴዛ ፊት ቆሜ ስልኬን እያሳየኋት ነበር። የአባዬ ስኳር ካለፈው ቀጠሮ ይልቅ ጨምሮ ስለተገኘ «እንቅስቃሴ ያደርጋሉ ወይ?» ብላ ጠይቃ ነበር። «በደንብ» አልኳትና አፑን ከፈትኩላት። አረንጓዴዎቹ ቀለበቶች ከመስከረም እስከ ጥር ሞልተው ተደርድረዋል። ጠዋት ከቤት ስወጣ ጀምሮ ይህን ለማሳየት ተዘጋጅቼ ነበር፤ ምን እንደምል ታክሲ ውስጥ ሆኜ በልቤ ደጋግሜዋለሁ።

«ጎበዝ ናቸው» አለች ዶክተሯ። ዓይኗ ግን ቀለበቶቹን ትቶ ወደ ደም ውጤቱ ተመለሰ። ሁለቱ አልተገጣጠሙላትም።

ነርሷ የአባዬን የቀኝ ሱሪ ወደ ላይ ጠቀለለች። ከቁርጭምጭሚቱ ከፍ ብሎ ስልክ ታስሯል። የድሮ ስልኬ ነው፤ መስታወቱ የተሰነጠቀው፣ እንዲራመድበት ብዬ የሰጠሁት። የታሰረበትም ከቀሚስ የተረፈ የጥለት ቁራጭ ነው፤ ቀይና ወርቃማ፣ ሁለት ጊዜ ዞሮ የተቋጠረ።

«ይሄ ምንድነው?» አለች ነርሷ።

«ስልኬ ነው።»

«እግር ላይ?»

«እዚያ ሲሆን በደንብ ይቆጥራል።»

ነርሷ ሳቀች። እኔም ልስቅ ምንም አልቀረኝም። ጫማውንና ካልሲውን ስታወልቅለት ግን ሽታው ክፍሉን ሞላው።

በአውራ ጣቱና በሁለተኛው ጣት መካከል ያለው ሥጋ ተበልቷል። ጠርዙ ነጭ ሆኖ ረጥቧል፣ ውስጡ ጠቁሯል። ነርሷ በጥጥ ስትነካው አባዬ ፊቱን እንኳ አላጨማደደም። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የክትባት ሥዕል እያየ ነበር። ምንም አልተሰማውም።

ዶክተሯ ተነስታ መጣች። «ሥራዎ ምን ነበር?»

«ሽመና።»

«የት ነው ይሄን ሁሉ የሚራመዱት?»

«እ… ቤት» አለ አባዬ፣ ወደ እኔ ሳያይ።

ያኔ ገባኝ። ያደግኩት ሽሮ ሜዳ፣ የሸማኔ ቤት ውስጥ ነው፤ ማንም ሊያስረዳኝ አያስፈልግም። ሸማኔ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ እግሮቹን ወደ ውስጥ ይሰዳል። ከታች ያሉትን የመርገጫ ገመዶች በአውራ ጣቱና በሁለተኛው ጣት መካከል ይይዝና አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ እየረገጠ ድሩን ይከፍታል። መወርወሪያው ያልፋል፣ ማጉ ይመታል፣ እንደገና ይረገጣል። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ነው። ቁስሉ የወጣው ልክ ገመዱ የሚያዝበት ቦታ ላይ ነበር። ስልኩም የታሰረው እዚያው እግር ላይ ነው። እኛ እርምጃ ስንለው የከረምነው ይህንን ነበር። ቀለበቱ በሞላ ቁጥር ገመዱ ያንን ሥጋ ፈግፍጎታል፤ እኔም በየማታው ከሥራ ስመለስ የጭብጨባ ምልክት ልኬለታለሁ።

«ከዛሬ ጀምሮ ይሄ እግር ምንም አይረግጥም» አለች ዶክተሯ። «ሽመና የለም፣ የእግር መንገድም የለም። ከፍ ብሎ ይቀመጣል፣ በየቀኑ ይጠረጋል። ካልሆነ ጣቱን እንቆርጣለን። በጣቱ ብቻ ካበቃ ደግሞ ዕድለኛ ናችሁ።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ወደ እኔ ዞረች። «እኔ መራመድ ያልኳችሁ ሌላ ነበር።»

«አውቃለሁ» አልኩ። የስልኬን መብራት አጥፍቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት፤ ከአባዬ እግር የፈታሁትንም ስልክ እዚያው ጨመርኩት።

ነገሩ የተጀመረው በነሐሴ ነው። ዶክተሯ በየቀኑ ይራመዱ ስትለው አባዬ «ሸማኔ የት ይሄዳል?» ብሎ ሳቀባት። እኔ ራሴ ጠዋት ጠዋት የእንጦጦን ዳገት መውጣት የለመድኩት በዚህ አፕ ስለነበር ለእሱም ጫንኩለትና የሁለታችንን አገናኘሁት። የእሱ ቀለበት እኔ ስልክ ላይ፣ የእኔ እሱ ስልክ ላይ ይታያል። ቀለበቱ ሲሞላ ስልኩ እየተንጣጣ ርችት ይተኩሳል። አባዬ ያንን ርችት ወደደው። በመስከረም አብረን ጨለማው ሳይገፈፍ ወጥተን እስከ ቁስቋም እንደርሳለን፤ በየመታጠፊያው ቆሞ ስልኩን ያያል። ማታ ትንሽ ከጎደለው ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላል። ጎረቤታችን እትዬ ዓለምፀሐይ «ኢሳይያስ፣ በስተርጅና ወታደር ሊቀጥሩህ ነው እንዴ?» ስትለው «ዝም በይ፣ ሊተኩስ ነው!» ይላታል። ሲተኩስ ልጅ ሆኖ ይስቃል። እማዬ ካረፈች ወዲህ እንዲያ ሲስቅ አላየሁትም ነበር።

በጥቅምት የእኔ መሥሪያ ቤት ወደ ሩቅ ተዛወረ። በጨለማ ወጥቼ በጨለማ የምመለስ ሆንኩ። ከዚያ በኋላ የአባዬን መራመድ የማየው ስልኬ ላይ ብቻ ነበር።

ከሆስፒታሉ ስንመለስ አዲሱ ገበያ ታክሲ ቀየርን። አባዬ በፋሻ የተጠቀለለ እግሩን መተላለፊያው ላይ ዘርግቶ፣ ባዶ የቀኝ ጫማውን በላስቲክ ይዞ አጠገቤ ተቀመጠ። ረዳቱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ሽሮ ሜዳ! የሞላ፣ የሞላ!» ይጮኻል። ጥቂት ከሄድን በኋላ አባዬ ወደ እኔ ዘንበል አለ።

«እግር አይደለም እንዴ የሚሠራው?»

የፋሻውን ጫፍ አስተካከልኩለት።

«አንድ ቀን ዝናብ ሆኖ ሳልወጣ ዋልኩ። ስልኩ ኪሴ ውስጥ ነበር፣ ረስቼው። ሥራዬን ስሠራ ዋልኩ። ማታ ላይ ተኮሰ! ታዲያ እኔ ነኝ ተኩስ ያልኩት? ራሱ ቆጥሮ ራሱ ሰጠኝ።»

«ማን ነው እግርህ ላይ ያሰረልህ?»

የጫማውን ላስቲክ አገላበጠ።

«አባዬ፣ ማን ነው?»

«ወንድምሽ ነው፣ ኪብሮን። ኪስ ውስጥ ሲሆን ይስታል ብሎ። እውነቱን ነው ደግሞ፤ እግር ላይ ሲሆን አንድም አያመልጠው።»

በዚህ መሐል ቦርሳዬ ውስጥ ከአባዬ ስልክ ርችቱ ተንጣጣ። አባዬ ከሆስፒታሉ ወጥቶ ታክሲ እስክንይዝ ሲያነክስ፣ እኔም ቦርሳዬን ይዤ ስደግፈው፣ የቀኑ ቀለበት ሞልቶ ኖሯል። ተሳፋሪው ሁሉ ዞረ። ከኋላ አንድ ወጣት «የማን ልደት ነው? ኬኩስ?» አለ። ሰው ሳቀ። አባዬም ፈገግ አለ። ስልኩን ለማጥፋት ስሞክር ቁልፉን አጣሁት። ፈገግታው ነበር የባሰብኝ። ያ እግር እየበሰበሰ እንኳ ሲተኩስለት ደስ ይለዋል።

ሽሮ ሜዳ ስንወርድ አባዬን እስከ ግቢው በር ሸኘሁት። «ተኛ፣ እግርህን ትራስ ላይ አድርግ፣ መጣሁ» አልኩትና ወደ ዋናው መንገድ ተመለስኩ። የወንድሜ ሱቅ እዚያ ነው። ኪብሮን ታላቄ ነው። ልጅ ሆኖ ከአባዬ ጋር ሽመና ተምሯል፤ በኋላ ግን የሽመና እቃውን ለአባዬ ትቶ ሱቅ ከፈተ። አባዬ ይሠራል፣ እሱ ይሸጣል።

ሁለት ሴቶች ነጠላ እየለኩ ነበር። ኪብሮን ሲያየኝ እጁን ዘረጋ።

«ኧረ ምሁሯ! ሥራ የለም እንዴ ዛሬ? ነይ እስቲ ለነዚህ ቆንጆዎች ይሄ በእጅ የተሠራ መሆኑን ንገሪልኝ፤ እኔን አላምን ብለዋል።»

የጥለቱን ቁራጭ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። አየው። ከዚያ ሳቀ።

«ተያዝን በይኛ።»

«እግሩ በስብሷል» አልኩት።

አንደኛዋ ሴት ነጠላውን ከትከሻዋ አነሳች። ጓደኛዋን በክርኗ ነካ አድርጋት ተያይዘው ወጡ።

«ደንበኛ አታባሪብኛ!»

«አይተኸው ነበር?»

«ምኑን?»

«ቁስሉን፣ ኪብሮን።»

ነጠላውን አንስቶ ማጠፍ ጀመረ። ጠርዙን ከጠርዝ እያገጣጠመ ረጅም ጊዜ አጠፈው። «ትንሽ ነገር ነበረች። በገና ሰሞን። ቫዝሊን ቀባሁለት፣ ገመዱም ላይ ጨርቅ ጠቀለልኩለት። አያመኝም ነው እኮ የሚለው! ራሱ ካላመመው እኔ ምን ላድርግ?»

«የማያመው ስኳር ስላለበት ነው። ነግሬሃለሁ። እዚሁ ቆሜ፣ በየቀኑ እግሩን እይለት ብዬ ነግሬሃለሁ።»

«አንቺ ደግሞ ብዙ ትናገሪያለሽ» አለ። «ማለቴ፣ በቴሌግራም።»

ይህን ጊዜ ሁሌ የማደርገውን ባደርግ ኖሮ ወጥቼ እሄድ ነበር፤ ማታ ደግሞ ረጅም መልእክት እጽፍለታለሁ፤ እሱ ደግሞ በአውራ ጣት ምልክት ይመልስልኛል። እግሬ ግን ከቆምኩበት አልነቃነቅ አለ።

«ስሚ ሳምሪ» አለ፣ አሁን ሳይስቅ። «ቀለበቱ ካልሞላ ‹አባዬ ዛሬ ምን ሆንክ?› ብሎ የሚጽፍለት ማነው? እኔ ነኝ? ሽማግሌው እኮ አንቺን ላለማስከፋት እራቱን ትቶ ግቢ ውስጥ ሲሽከረከር ነበር። ቀን ደግሞ ሥራ አለ፤ የጥር ሠርግ ነው፣ ሰው ቆሞ ይጠብቃል። እኔ ገላገልኩት። በአንድ እግር ሁለት ሥራ። ቀሚሱም ያልቃል፣ አንቺም ታጨበጭቢያለሽ። በቃ። ማን ተጎዳ?»

የተናገረው ውስጥ እውነት አለ። ያ ግን ንዴቴን አላበረደውም። ይህን እውነት እስከ ዛሬ ኪሱ ውስጥ ይዞ የቆየው ለእኔ ሊነግረኝ አልነበረም፤ ቢያዝ ሊወረውርብኝ ነበር። አንድ ቀን፣ አንድ ቃል፣ «ስልኩ የሚቆጥረው ሽመናውን ነው» ቢለኝ ኖሮ ያን እግር ያን ዕለት እናየው ነበር። እሱ ቁስሉን አየ፣ ቫዝሊን ቀባ፣ መልሶ ገመዱ ላይ አስቀመጠው። በላዩ ላይ ደግሞ ስልክ አሰረበት።

«ማን ተጎዳ?» አልኩት። «ጣቱን ሊቆርጡት ነው። ምናልባትም እግሩን። ከዛሬ ጀምሮ አይሠራም።»

መልኩ ተለወጠ። ለአፍታ የገባው መሰለኝ። ቀጥሎ ግን «የሙሽራዋ እናት ቀሚስ እቃው ላይ ነው» አለ። «ሠርጉ ቅዳሜ ነው። ሁለት ቀን ስጪኝ። ሁለት ቀን ብቻ። ከዚያ በኋላ ዓመት ሙሉ ይተኛ።»

«አንተ ጨርሰው።»

«እኔ?» ሁለት እጁን ዘርግቶ አሳየኝ። «ከተውኩት ስንት ጊዜዬ ነው? ደግሞ ሰው የእሱን እጅና የእኔን እጅ አይለይም መሰለሽ?»

ጠረጴዛው ላይ ትልቁ የጨርቅ መቀስ ነበር። አነሳሁት።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

ወጣሁ።

«ሳምሪ! ኧረ ሰው ምን ይላል! ብሩኪ፣ ሱቁን እይልኝ፣ አሁን መጣሁ!» ሲል፣ መጨረሻውን ለጎረቤቱ ባለሱቅ፣ ከኋላዬ ሰማሁት።

መቀሱን በነጠላዬ ሸፍኜ ነው መንገዱን ያቋረጥኩት። ወደ ግቢያችን የሚያስገባው ቅያስ ዳገት ነው፤ ሌላ ጊዜ መሐል ላይ እረፍት እወስድበታለሁ። በሩ ጋ ከመድረሴ በፊት ድምፁን ሰማሁት። ረገጠ፣ ወረወረ፣ መታ። ረገጠ፣ ወረወረ፣ መታ። ልጅ ሆኜ የምነቃበት ድምፅ ነው። የዚያን ቀን ጆሮዬን መድፈን አሰኘኝ።

አባዬ ጉድጓዱ ውስጥ ነበር። በግራ እግሩ ሁለቱንም ገመድ እያፈራረቀ ይረግጣል። ቀኙ ተንጠልጥሎ ከጉድጓዱ ግድግዳ ጋር ይጋጫል። ነርሷ ከአንድ ሰዓት በፊት ያሰረችው ነጭ ፋሻ አፈር በአፈር ሆኗል።

«ውጣ» አልኩት።

«በግራ ብቻ ነው እኮ። ቀኙን አልነካሁትም።»

«ውጣ፣ አባዬ።»

«የሙሽራዋ እናት አደራ ብላኛለች፣ ልጄ። ቃል ገብቻለሁ። ትንሽ ናት የቀረችው፤ ይቺን…»

ኪብሮን እያለከለከ ደረሰና በሩ ላይ ቆመ። «ንገራት እስቲ አባዬ» አለ።

አባዬ ሥራውን አላቆመም። ሁለቱም እኔን አልፈው በዓይን ተነጋገሩ። እኔ ደክሞኝ ዝም እስክል ድረስ እየጠበቁ ነበር። ሁሌም ዝም እላለሁ፤ ያውቁኛል።

ነጠላዬን ጥዬ መቀሱን አወጣሁ። የተወጠረው ድር ላይ ከፍቼ አስጠጋሁት።

በእኛ ቤት ድር የሚቆረጠው ሸማው ሲያልቅ ብቻ ነው፤ የሚቆርጠውም የሠራው ሰው ራሱ ነው። ልጆች ሆነን መቀስ ይዘን በዚያ ጥግ ካለፍን የሚጠብቀን ኩርኩም ነበር። ሴት ደግሞ እንኳን መቀስ ልታሳርፍበት እቃው ላይ አትቀመጥም። አባዬ መወርወሪያው እጁ ላይ እንዳለ ደረቀ።

«ሳምሪ! ነውር ነው!» አለ ኪብሮን ከኋላዬ።

«ኪብሮን» አልኩ ሳልዞር። «ወይ ጫማህን አውልቀህ ትገባለህ፣ ወይ እቆርጠዋለሁ።»

«አብደሻል እንዴ?»

«እሺ።»

መቀሱን ጨበጥኩት። አንድ እፍኝ የሚያህል ክር ተቆረጠ። ጫፎቹ ተፈናጥረው ወዲያና ወዲህ ተጠቀለሉ፤ የተወጠረው ድር መሐሉ ላይ ክፍተት አበጀ። አባዬ ከሆዱ ጮኸ። ነርሷ ቁስሉን ስትነካው ያልወጣው ድምፅ አሁን ወጣ። ለእግሩ ያልጮኸ ሰው ለክሩ ጮኸ። ይህን ስሰማ ሁሉንም ልቆርጠው ፈለግሁ። እስከ መጨረሻው ክር።

መቀሱን እንደገና ከፈትኩ።

«ቆይ! ቆይ በእማዬ!» ኪብሮን ተንበርክኮ የጫማውን ክር መፍታት ጀመረ። አልፈታ ሲለው ጎትቶ አወለቀው። «ገባሁ። በቃ፣ ገባሁ አልኩሽ! አስቀምጪው እሱን ነገር።»

አላስቀመጥኩትም። በአንድ እጄ ይዤው፣ በሌላው ከኪብሮን ጋር አባዬን በብብቱ ደግፈን ከጉድጓዱ አወጣነው። ቀልሏል፤ እንዲህ መቅለሉን አላውቅም ነበር። አልጋው ላይ አስቀመጥኩት፣ እግሩን በሁለት ትራስ ከፍ አደረግኩለት፣ አፈር የበላውን ፋሻ ፈትቼ ነርሷ በሰጠችኝ ቀየርኩለት። አላመሰገነኝም፣ አላየኝም። ቁስሉን ሳየው አብሮኝ እንዲያየው ፈልጌ አገጩን ይዤ ፊቱን ወደ ታች መለስኩት። አንዴ አየው። ከዚያ ዓይኑን ጨፈነ።

ኪብሮን ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ በጣቶቹ ገመዱን ይፈልጋል። እግሩ ነጭና ለስላሳ ነው፤ ገመዱን በያዘው ቁጥር ያመልጠዋል።

«ያማል እኮ ይሄ» አለ።

መወርወሪያውን አነሳ።

«አትጀምር» አለው አባዬ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ። «መጀመሪያ የቆረጠችውን ቀጥል። አንድ በአንድ።»

ኪብሮን አንገቱን ደፍቶ መቀጠል ጀመረ። አንዱን ክር ከጫፉ ይፈልጋል፣ በአዲስ ክር ያስረዝማል፣ ይቋጥራል፣ ወደሚቀጥለው ያልፋል። አንዳንዱ ይጠፋበትና ይሳደባል። አባዬ ከአልጋው ላይ ሆኖ «ከሱ በስተግራ ያለውን!» ይለዋል፤ ሳያይ ያውቀዋል። ቋጠሮዎቹ ድሩ መሐል እንደ ሽፍታ ተደረደሩ።

ብዙ ከቆየ በኋላ አባዬ ወደ እኔ ዞረ። ከመቀሱ ወዲህ የመጀመሪያ ጊዜው ነበር።

«ይታያል» አለኝ። «ከዚህ ቤት ቋጠሮ የሚታይበት ሸማ ወጥቶ አያውቅም።»

«ይታይ» አልኩት።

መቀሱን እንደያዝኩ በሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀመጥኩ።